ባሌ ቁማርተኛ የሆነ ጊዜ

ሰው አገር ሲቀይር ብዙ ነገር ያጣራል። የቤት ኪራዩ ስንት ነው? ውሃው ይጠጣል? ሙቀቱስ ይቻላል? ሕጉን ግን ቀድሞ የሚጠይቅ አላየሁም። ሕግ እንደ ጉበት ነው፤ እስኪያማችሁ ድረስ መኖሩም ትዝ አይላችሁም። ከዚህ የሚለየው ባሌ ሙርተዳ ብቻ ነው። እሱ ጉበቱን ሳያመው የሚታከም ሰው ነው።

ሙርተዳ ሱዳናዊ ነው። የተዋወቅነው ዓረብ አገር፣ እኔ የምሠራበት ቤት መብራት ሊጠግን ሲመጣ ነው። መብራቱ ከተስተካከለ በኋላም መመላለሱን አልተወም፤ እውነቱን ለመናገር ፊውዙን አንዳንዴ የምነቅለው እኔ ነበርኩ። ተጋባንና ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ድሬዳዋ መጣን። ለመኖሪያ ፈቃድ አመልክተን መልስ መጠበቅ ጀመርን። ፈቃዱ ካልተሰጠው ይወጣል፤ እሱ ከወጣ እኔም መከተሌ ነው። እኔ ደግሞ እናቴን ሁለተኛ ጥዬ መሄድ፣ ወላሂ፣ አልችልም።

ታዲያ አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣና መልእክት አንብቢልኝ አለኝ። የአማርኛ ፊደል አያነብም፣ ኳስ ግን ይወዳል። የጨዋታ ውጤት የሚያሳየው መስሎት አረንጓዴ ያየውን ሁሉ ሲጫን፣ ለካ የውርርድ ቤት ተመዝግቧል! መልእክቱ «እንኳን ወደ ቤተሰባችን በደህና መጡ» ይላል። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን የድሬ ልጅ ዝም ሲል ታይቶ ያውቃል? በዓረብኛ፣ መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቁማርተኛ ነህ አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። በነበርንበት አገር በስልክ መቆመር ያሳስራል፣ ያስባርራል፤ አንድ የሥራ ባልደረባው በዚሁ ጦስ ሻንጣውን እንኳ ሳይዝ ተሸኝቷል። ቀልዴን ነው ብል ማን ይስማኝ?

ከዚያ ቀን ወዲህ መንገዳችን ላይ በጥላው በኩል ባለው ውርርድ ቤት ደጃፍ አላልፍም አለ። በቀትር ጥላውን ትቶ፣ ፀሐይ ፀሐዩን ይሄዳል። ድሬ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ጤና የለውም። ባለሱቋ ጎረቤታችን ዘይነባ፣ አቦ፣ ባልሽን ምን ነካው ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ለዘይነባ መንገር ማለት ለሰፈሩ ማወጅ ማለት ነው።

ሰፈሩ በአንድ ጀምበር የሕግ ሊቅ ሆነ። የእኛ ሰው መንገድ ሲጠየቅ እንኳ አላውቅም አይልም፤ ሕግ ሲጠየቅማ! አንዱ ለውጭ ዜጋ ክልክል ነው አለ። አንድ ባለባጃጅ ደግሞ ክልክሉ ማሸነፍ ነው፣ መሸነፍማ ይበረታታል አለኝ፤ ከልምዱ ይመስለኛል። ዘይነባ ከንፈሯን መጥጣ፣ በቃ ፈቃዱን አይሰጡትም ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ደሜ ፈላ። ይሰጡታል አልኩ፣ አይሰጡትም አለች። እንወራረድ አለች። በሁለት ኪሎ ሐልዋ አልኳትና መዳፍ ለመዳፍ ተማታን።

በማግስቱ ሙርተዳን ይዤው ወደ ከዚራ ሰፈር ሄድኩ፤ አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ጋ። ሙርተዳ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው በሁለት ጣቱ ይዞ ነው። ጠበቃው ዓረብኛ ይችላሉ። ገንዘብ አስገብተሃል ወይ አሉት። ወላሂ አላስገባሁም አለ። ዕድሜውን ጠየቁት፤ አርባ አንድ። ከዚያ ረጋ ብለው አስረዱት፦ እዚህ አገር ከመንግሥት ፈቃድ ያወጣ ቤት ማወራረድ ይችላል፣ ዕድሜው የደረሰ ሰውም መጫወት ይችላል። ይኼኛው ቤት ፈቃድ አለው። ወንጀሉ ያለ ፈቃድ ማወራረድ ነው። ሙርተዳ ይቺን የመጨረሻዋን ሦስት ጊዜ አስደግሞ በቃሉ ያዛት። ጠበቃው ምዝገባውን እዚያው ሰረዙለትና ለውለታቸው መሽከርከር ያቆመ ቬንትሌተራቸውን እንዲያይላቸው ብቻ ጠየቁት። ስንመለስ በጥላው በኩል ሄደ። ደስታዬ እንባዬን አመጣው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የመኖሪያ ፈቃዱ ተሰጠው። እልልታዬ እስከ ዘይነባ ሱቅ ተሰማ መሰለኝ፣ ሐልዋዋን ተሸክማ ከች አለች። ሙርተዳን አገላብጣ ሳመችው። መሸነፍ እንዲህ የሚያስደስተው ሰው አይቼ አላውቅም።

እሷ ስትሄድ ሙርተዳ ይህ ሁሉ ሐልዋ ለምንድን ነው አለኝ። እኔ ሞኟ እየሳቅኩ ውርርዱን አንድ በአንድ ተረኩለት። ወደ ሳህኑ የሄደው እጁ መንገድ ላይ ቆመ። ኮስተር ብሎ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ ፈቃድ አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

አንገቴን ደፋሁ። ለካ የቤቱ ቁማርተኛ እኔ ነኝ!

ሙርተዳ አዲሱን የመኖሪያ ፈቃዱን አየት አደረገ። ሐልዋውን አየት አደረገ። ከዚያ ተነስቶ በሩን ቀረቀረና፣ ተመልሶ ትልቁን ቁራጭ አነሳ።