የልጅ ልጄ እንግዴ ልጅ

ልጅ ሲወለድ ሁሉም የሚያየው ሕፃኑን ነው። ማንን መሰለ፣ ስንት ኪሎ ሆነ፣ ስሙ ማን ይባል፤ ሌላ ወሬ የለም። ሆድ ውስጥ ሲመግበው የከረመው እንግዴ ልጅ ተከትሎ ሲወጣ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እናንተስ አይታችሁት ታውቃላችሁ? እኔ አውቀዋለሁ። በእኛ መንደር እሱን ጓሮ ወስዶ መቅበር የአባት ሥራ ነው፤ የልጆቼን ሁሉ እኔው ቀብሬያለሁ። ንግግር ስለማይጠይቅ ሥራው ይስማማኛል።

ልጄ ትዕግስት ከባሏ ከዳዊት ጋር ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ተከራይታ ትኖራለች። ነፍሰ ጡር ሆና በሰባት ወሯ ኮሮና ያዛት። እሷ ቶሎ ተነሣች፤ ሐኪሟ ግን አልለቀቀቻትም። ቫይረሱ እንግዴ ልጁን ሊጎዳው ይችላል፣ ያኔ ከእናቱ ወደ ልጁ የሚያልፈው ምግብና አየር ያንሳል አለቻት። በአልትራሳውንድ ሲያዩትም የልጁ እድገት ቀንሷል። ትዕግስት ይህን በስልክ እያለቀሰች ነገረችኝ። "መጣሁ" ብዬ ዘጋሁ። ለእኔ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

እንደደረስኩ ግቢውን ዞሬ አየሁት። ሲሚንቶ! ቧንቧው ሥር ብቻ የእጅ መዳፍ የምታህል አፈር አገኘሁ።

"ዳዊት፣ ዶማ አለህ?"

"ለምንዎ ነው አባባ?"

"እንግዴ ልጁን ልቀብርበት።"

"እዚህ? አከራይዋ እኛንም አብረው ይቀብሩናል!"

ልጁ ከቀኑ ትንሽ ቀደም ብሎ ተወለደ። ትንሽ ነው፤ ጩኸቱ ግን ሜክሲኮ አደባባይ ይሰማል። እኔ ፌስታሌን ይዤ ሐኪሟን በር ላይ ጠበቅኋት።

"እንግዴ ልጁን ስጪኝ፣ ልጄ።"

"ላቦራቶሪ ሄዷል፣ አባባ።"

"ምን አጠፋ?"

"ምንም። ቫይረሱ ምን ያህል እንደጎዳው፣ ልጁ ጋ ደርሶም እንደሆነ ልናይ ነው።"

ዳዊት መሬት መሬት ያያል። እኔ ፌስታሉን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ውጤቱ እስኪመጣ ቤቱ ውስጥ ሳቅ ጠፋ። ትዕግስት እያጠባች የልጁን ትንፋሽ ታዳምጣለች። ጠያቂ መጥቶ ሕፃኑን ሊስም ሲጎነበስ ዝም ብዬ አየዋለሁ፤ ዓይን ለዓይን ስንጋጠም ቀና ይላል። ፊቴ የተፈጠረው ለዚህ ቀን ሳይሆን አይቀርም።

በመጨረሻ ሐኪሟ ጠራችን።

"እንግዴ ልጁ ክፉኛ ተጎድቷል፤ አንዱ ጎኑ ሞቷል ማለት ይቻላል። የተረፈው ግን እስከ መጨረሻው ሠርቷል። የልጁን ደም መርምረናል፤ ቫይረሱ አልደረሰበትም። ክብደቱም በጡት ይስተካከላል።"

ትዕግስት አለቀሰች። ዳዊት አለቀሰ። እኔ አፍንጫዬን ጠረግሁ።

"አሁንስ ትሰጪኛለሽ?" አልኳት።

"አባባ፣ ቆራርጠን ነው ያየነው። የተረፈውም ኬሚካል ውስጥ ገብቷል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ምን ትላላችሁ? እኛ አገር የልጅን ክፉ ለራሱ የተቀበለ በክብር አፈር ይለብሳል። እዚህ ቆራርጠው ያዩታል። ክፋት የለውም፤ ቆራርጠው ባያዩት ኖሮ እኛም እስካሁን እንደተጨነቅን እንቆይ ነበር። ብቻ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ቤተሰብ ስመግብ የኖርኩ ሰው ነኝ። እኔንም ቆራርጠው ሳያዩኝ ነገ በማለዳ ወደ አገሬ እሳፈራለሁ።