የጥቁሩ ጨርቅ ሳንሱር

በየሰፈሩ፣ ማንም ሳይመርጠው በልጆች ዓይን ላይ ዘበኛ ሆኖ የተሾመ አንድ ሰው አይጠፋም። ሥልጣኑን ከየት እንዳመጣው ብትጠይቁት ራሱም አያውቅም። በወጣትነቴ በበራሪ ወረቀት እንዳነበብኩት ከሆነ ጨቋኝ ሥርዓት ሁሉ ይወድቃል፤ ይህኛው ግን ወድቆ አያውቅም።

የእኛ ጀጎል ሰፈር ክቡር ሊቀ መንበር ጋሽ አብዱልፈታ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሱቃቸው መኪና ግርግር ላይ ነው፣ የስፌት መኪና ጩኸት የሰውን ወሬ በሚውጥበት መንገድ። የሥልጣናቸው ክልል የድሮ አክሽን ፊልም ነው። ዓረፋ ሲደርስ የጎረቤት ልጆች እሳቸው ቤት ተሰብስበው ፊልም ያያሉ፤ የትኛው ለልጅ እንደሚሆን የሚወስኑት እሳቸው ብቻ ናቸው። መመሪያቸው አንድ አንቀጽ አለው፦ «እኔ ሳላየው አይታይም።» ማየት ማለት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጫታቸውን ይዘው፣ ትራስ ተደግፈው፣ ፊልሙን ከነሙዚቃው መጨረስ ነው። ጥርጣሬ ከገባቸው ወደ ኋላ መልሰው ያያሉ። ድብድብ ላይ ጥርጣሬ ይበዛባቸዋል።

መስፈርታቸውን እስካሁን የደረሰበት ሊቅ የለም። አምና አሳማ የሚያወራበትን የሕፃናት ካርቱን ከለከሉና፣ በምትኩ አንድ ባለ ፂም ሰውዬ መንደር ሙሉ ሽፍታ በመትረየስ የሚያጭድበትን አሳለፉ። ምነው ብላቸው፣ «የሞቱት እኮ ሽፍቶች ናቸው» አሉኝ፣ እንደ ዘገምተኛ ተማሪ እያዩኝ።

የሚያስፈራቸው ጥይት ሳይሆን መሳሳም ነው። ተዋናዩና ተዋናይቷ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲጀምሩ ጋሽ አብዱልፈታ ከነደባው፣ ማለትም ከፍ ተደርጎ ከተሠራው የታላላቆች መቀመጫ፣ ይወርዳሉ፤ ከአንድ ሙሽራ ሱፍ የተረፈ ጥቁር ጨርቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ዘርግተው ይቆማሉ። ችግሩ ሰዓት አያውቁም። ሰዎቹ ሰላም ሲባባሉ ይሸፍናሉ፣ ሊሳሳሙ ሲሉ ይገልጣሉ። «አስተግፊሩላህ» ብለው እንደገና እስኪሸፍኑ መሳሳሙ አልቆ ሰው እየተገደለ ነው። ያኔ እፎይ ብለው ጨርቁን አጣጥፈው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ዘንድሮ ጎረቤታችን ናዝራ ለክቡርነታቸው ጥያቄ አቀረበች። ባሏ የኢሱዙ ሾፌር ነበር፤ አምና በባቢሌ መንገድ ከነመኪናው ገደል ገብቶ ሞተ። ልጃቸው አፍራ ከዚያ ወዲህ ከልጆች ጋር ተቀምጣ አታውቅም፤ የምትናገረውም ጥቂት ነው። ለዓረፋ ግን ከራሷ አፍ «እኔም ፊልም ልይ» ወጣ።

«የዘንድሮው ፊልም ለአፍራ ይሆናል ጋሼ?» አለች ናዝራ። «መልሳ ዝም ካለችብኝ እንግዲህ አልችልም።»

«ልየው» አሉ።

ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቪዲዮ ቤት ተጋፍተው ያዩትን፣ እያንዳንዱን ቡጢ በቃላቸው የሚያውቁትን ፊልም ነው ልየው የሚሉት። ደግሞ ሰበብ አገኙ አልኩ በልቤ። ሲጨርሱ «ትምጣ» አሉ።

አፍራ መጥታ በሩ አጠገብ፣ ከልጄ ከሐምዲ ኋላ ተቀመጠች። ፊልሙ እስኪጋመስ ሁሉም ደህና ነበር፤ የሞቱትም በሙሉ ሽፍቶች ናቸው። አንድ የጭነት መኪና የገደል መንገድ ሲይዝ ግን ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። እኔም በልጅነቴ አይቼው ነበርና ትዝ አለኝ፤ የጀግናው ጓደኛ፣ ሾፌሩ፣ እዚህ ጋ ነው ከነመኪናው ቁልቁል የሚሄደው። የሚሳሳም ስለሌለበት አሳለፉት ብዬ ልሳደብ አፌን ከፈትኩ።

ጋሽ አብዱልፈታ ቀድመውኝ ወርደዋል። ድምፁን አጥፍተው፣ መኪናው ኩርባው ላይ ሳይደርስ ጨርቁን ዘረጉ። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን አወቁ።

ሐምዲ የሚሳሳም ሰው እንደሌለ ሊያስረዳቸው ሞከረ። «ዝም በል አንተ» አሉት። «መኪናው ተበላሸ፤ ሾፌሩ ወርዶ ሄደ።»

ከበሩ በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ። «ሞተ አይደል?»

ጋሽ አብዱልፈታ ክንዳቸውን እንደዘረጉ ወደ በሩ ዞሩ።

«እዚህ ቤት አይሞትም» አሉ።

አፍራ አሰበችበት። ከዚያ ሐምዲን በጉልበቷ ገፋ አድርጋ፣ እንዲታያት ወደ ፊት ቀረበች።

መጨረሻው ላይ መሳሳም ነበረ። ክቡርነታቸው እንደ ልማዳቸው ቀድመው ሸፈኑ፣ ቀድመው ገለጡ። «አስተግፊሩላህ» ሲሉ ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ፤ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የአፍራ ነበር። ግቢ ውስጥ ዕቃ ታጥብ የነበረችው ናዝራ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች።

ስለ ሳንሱር የጻፍኩትን አልሰርዝም፤ ስለ አሳማውም አልታረቅኩም። ጨርቁ ግን ሳስቷል፤ ብርሃን ያሳልፋል። ለሚመጣው ዓረፋ ደህና፣ ወፍራም፣ ጥቁር ሱፍ እየፈለግኩላቸው ነው።