ጋሼ ሊንክ ጎብኚ ይፈልጋሉ

በየቤተሰቡ አንድ ብሎግ የከፈተ ሰው አለ። እናንተ ቤት ከሌለ ገና አልከፈተም ማለት ነውና አትኩራሩ። ይህ ሰው ብሎጉን እስኪከፍት ድረስ እንደማንኛችንም ጤነኛ ነው። ከከፈተ በኋላ ግን "ደህና ነህ?" የሚለውን ሰላምታ እርግፍ አድርጎ ይተውና "ገባህ?" ማለት ይጀምራል። የት ተብሎ አይጠየቅም። ወደ ብሎጉ ነዋ።

ለእኛ ቤተሰብ የደረሱን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ልጆቼ "ጋሼ ሊንክ" የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ማዕረጋቸው በሙሉ ሲጠራ ግን የብሎጉ መሥራች፣ ባለቤት፣ ዋና አዘጋጅ፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊና፣ ለረጅም ጊዜ በነበረው መረጃ መሠረት፣ ብቸኛ አንባቢ ናቸው።

ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ አስተምረዋል። ድምፃቸው ከኋላ ወንበር የተኛውን ቀስቅሶ፣ ጎረቤት ክፍል ያለውንም አብሮ ያስተምር ነበር ይባላል። ከዚያ ጉሮሯቸውን ታመው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሕመሙ ሄደ፣ ድምፃቸውንም ይዞት ሄደ። የቀረላቸው ሹክሹክታ ነው፤ በሹክሹክታ ደግሞ ክፍል አይያዝም። ጠመኔውን አስረክበው ቤት ገቡና ፒጃማቸውን ሳያወልቁ መዋል ጀመሩ። ባለቤቴ እሳቸውን ጠይቃ በተመለሰች ቁጥር ዓይኗ ቀልቶ ታመሻለች።

ብሎጉ የመጣው ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሊጽፉ ሲነሱ ጢማቸውን ተላጩ፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሥራ እንደሚሄድ ሰው እየተጣደፉ መጥተው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ስለዚህ ከቤተሰቡ መሀል ብሎጉን የሚጠላ አንድም ሰው የለም። ማንበብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የሚጽፉት ስለ ሰፈራችን መሬት፣ ውሃና ነፋስ ነው። ጉሙ ከኳስ ሜዳው ላይ ለምን ቶሎ እንደማይነሳ፣ የሆስፒታሉ ዳገት ላይ ጃንጥላ ለምን እንደሚገለበጥ፣ የትኛው መንገድ በየትኛው ሰዓት ጥላ እንዳለው። ፎቶ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ ብቻ። ታናሽ ልጄ "ጋሼ፣ ትንሽ ሥዕል ቢኖረው እኮ ሰው ይገባ ነበር" ብትላቸው፣ "ሥዕል ተማሪ ያሰንፋል" ብለው ዘጓት።

አንድ እሁድ ምሳ ላይ ድንገት፣ "ሰው ካላነበበው ከራሴ ጋር ማውራት ነው። ክረምቱ ሲገባ እዘጋዋለሁ" አሉ። ባለቤቴ የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች። ብሎጉ ሲዘጋ ፒጃማው እንደሚመለስ ከልጅ እስከ አዋቂ ገብቶናል። "ወንድም ጋሼ፣ እኛ እያለን!" አለች። ጋሼም "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" አሉና ያን ዕለት የአንባቢ ፍለጋ ዘመቻውን ጀመሩ።

ዘመቻው ስል ማጋነን አይደለም። የአክስታችን ልጅ ሠርግ ላይ እንደ ታላቅነታቸው እንዲመርቁ ማይክ ተሰጣቸው። በዚያች ሹክሹክታ "ውለዱ፣ ክበዱ" አሉና፣ ትንፋሽ ወስደው የብሎጉን አድራሻ ነጥቡን ሳያስቀሩ ተናገሩ። ታዳሚው በአንድ ድምፅ አሜን አለ። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ደግሞ አፋቸው ተከፍቶ መናገር ሲያቅታቸው ከኮታቸው ኪስ አድራሻው የታተመበት ካርድ መዘው ለሐኪሙ አቀብለዋል። ሐኪሙ በጓንቱ ተቀበላቸው፤ ምን ያድርግ።

ከሁሉ የከፋው ግን "ስልክህን አምጣ፣ አንዴ ላስተካክልልህ" የሚሉት ነገር ነው። ስልኩ ምንም አልሆነም። ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው፣ ኢንተርኔት ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ገጽ የእሳቸው ብሎግ እንዲሆን አድርገው ይመልሱላችኋል። የሰፈራችን ፋርማሲስት የመድኃኒት ዋጋ ልታይ ስትከፍት ስለ ጉም አንብባ ታውቃለች። ገጹ እንዴት እንደሚነሳ ስላልገባት እስከ ዛሬ ስልኳ ላይ አለ።

እኔም አላመለጥኩም። "ገባህ?" ይሉኛል በር ላይ።

"ገባሁ፣ ጋሼ።"

"ስለ ምን ነበር?"

"ስለ... አየር ንብረት።"

"ስለ አፈር ነበር" ይላሉና ፊታቸውን ያዞራሉ። ሊንካቸው ደግሞ በየማለዳው ከወፎች ቀድሞ ስለሚመጣ የመልእክታቸውን ድምፅ አጠፋሁት። ባለቤቴም አጥፍታዋለች፤ ይህን ግን አንዳችን ለሌላችን አልነገርንም።

ታዲያ ክረምቱ አፍንጫችን ሥር ሲደርስ ተአምር ሆነ። የጎብኚው ቁጥር መውጣት ጀመረ። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ከትናንት ብዙ። ጋሼ ሰው ሆኑ። አንገታቸው ቀና አለ፣ ምግብ ጨምሩልኝ አሉ፣ ስለ መዝጋት የሚያወራ ሰው ጠፋ። ባለቤቴ "እኔ ድሮም ብያለሁ" እያለች ቤቱን በደስታ ዞረችው፤ እኔም እንደ አማች የድሉ ተካፋይ ሆንኩ።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ወድቆ ተሰነጠቀ። ገበያ መሀል ወዳለ አንድ ሞባይል ሠሪ ይዤው ሄድኩ። ሠሪው ወፈር ያለ፣ ዝምተኛ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። አዲሱን ስክሪን ገጠመና ሊሞክረው ኢንተርኔት ከፈተ። የጋሼ ብሎግ ድቅን አለ።

"ይሄ የእኔ ጥፋት ነው፣ ስልኬ ላይ ተጭኖ ነው" አልኩት አፍሬ።

"ኧረ እኔ ነኝ የከፈትኩት። አንድ መምህር ስልክ ሊያሠሩ መጥተው ነው ያስተዋወቁኝ። ለመሞከሪያ ወርቅ ነው ልልህ። ሥዕል የለው፣ ምን የለው፣ ኔትወርክ ሲደክም እንኳ ይከፈታል። እዚህ የተሠራ ስልክ ሁሉ በሱ ተሞክሮ ነው የሚወጣው።"

ያ ሁሉ ጎብኚ የተሰበረ ስልክ ኖሯል። ብነግራቸው ፒጃማው ይመለሳል። ባልነግራቸው ሰውየው ባዶ ክፍል ሲያስተምሩ በመስኮት እያዩ ማለፍ ነው። ጋሼን እንደምወዳቸው እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው ያወቅሁት፤ የሚያናድዱኝም ስለምወዳቸው ኖሯል።

ሠሪው በዚህ መሀል ጣቱን ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ወደ ታች ያወርዳል። "እስከ ታች መንካቱን ማየት አለብኝ" አለኝ ትዕግሥት ያጣሁ መስሎት። "ጣት ሲወርድ ዓይንም አብሮ ይወርዳል መቼስ። አነበዋለሁ። መምህሩን ታውቃቸዋለህ?"

"የሚስቴ ወንድም ናቸው።"

ካቻቢቴውን አስቀመጠ። "እስቲ ጠይቅልኝ በናትህ። ከዳገቱ የሚወርደው ወንዝ ገበያው ሥር ይገባል ብለው ጻፉና ተዉት፣ ሌላ ነገር ጀመሩ። ይሄ ሱቅ እኮ እዚያው ላይ ነው። ገበያው ጭር ሲል ከወለሉ ሥር ይሰማኛል። በየት ነው የሚወጣው?"

ከዚያ በቀጥታ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ኮታቸውን ለብሰው ቁጥሩን እያዩ ነበር። "ጋሼ፣ አንድ አንባቢ ጥያቄ አለው" ስላቸው እጃቸው ኮምፒውተሩ ላይ ቀረ።

"ምን ብሎ ጠየቀ? እንዳለው ንገረኝ።"

ነገርኳቸው። "ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉት። "ያንን ማንም አይፈልገውም ብዬ ነው የተውኩት" አሉና ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ይሄ ቦታው ላይ ነው የሚመለሰው፣ ተነሣ።"

ሱቁ ስንደርስ ሠሪው በአክብሮት ብድግ ብሎ የፈራሁትን አንድ ባንድ ዘረገፈው፤ የተሠራ ስልክ ሁሉ በእሳቸው ገጽ እንደሚሞከር፣ ባይኖሩ ምን ይሆን እንደነበር። ጋሼ እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ገብቷቸዋል፤ ፊታቸው ላይ አየሁት።

"አንተ ግን እስከ ታች ትወርዳለህ?" አሉት።

"እስከ ታች ነው የምወርደው፣ መምህር።"

"ይበቃል" አሉ።

ከዚያ ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው ወለሉ ላይ በርከክ አሉና፣ ወንዙ በየት እንደገባ፣ የማን ሱቅ ሥር እንደሚታጠፍ በጣታቸው እያሳዩ ማስረዳት ጀመሩ። ድምፃቸው አይሰማም። ሠሪው ሬዲዮውን አጠፋ። ጎረቤት ያለችው ጨርቅ ሻጭ "ምንድነው?" ብላ መጣች፣ ቀጥሎ ጫማ ሰፊው፣ ቀጥሎ ገዢዎች፤ የመጣው ሁሉ የሚያወራውን "እሽሽ" እያለ ጎንበስ ይላል። እኔ ከኋላ ቆሜ ስለነበር ከፊሉ አመለጠኝ። "እስቲ አሳልፉኝ" ብዬ ወደ ፊት ተጠጋሁ።