የሥራ ልምድ ያለው ኮምፒውተር

የታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ታላቅነት የሚታወቀው ቀላሉን ነገር በክብር ሲያከብዱት ነው። በዚያ መሥሪያ ቤት ይህ ታላቅነት የተገለጠው፣ የዋናው ሥራ አስኪያጅ ጥቁር መኪና አልነሳም ብላ ግቢው ውስጥ በቀረችበት ማክሰኞ ነው።

ከሁሉም የደነገጠው ሾፌሩ ነበር፤ ለአለቃው ብሎ ግን አይደለም። እሑድ የሴት ልጁ ሠርግ ነው። አለቃው ደግሞ በቸርነታቸው፣ "ሙሽራዋን በእኔ መኪና ትወስዳታለህ፤ እኔም አብሬ ሄጄ ንግግር አደርጋለሁ" ብለው ቃል ገብተውለታል። ልጅቷም ለጓደኞቿ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

ሜካኒኩ መጥቶ ኮፈኑን ከፈተ።

"የሞተሩ ኮምፒውተር ተቃጥሏል" አለ። "አዲስ ይገዛ። አዲሱ ባዶውን ነው የሚመጣው፤ ከመኪናዋ ጋር እንዲግባባ እኔ ፕሮግራም አደርገዋለሁ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።"

ነገሩ በግማሽ ቀን ቢያልቅ የመሥሪያ ቤቱ ክብር ይነካ ነበርና ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ።

"ባዶ ነው ያልከው?" አሉ ሰብሳቢው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

"ባዶ ነው፣ ጌታዬ።"

"የሥራ ልምድ የለውማ!"

"ኧረ አዲስ ስለሆነ ነው..."

"ዋና ሥራ አስኪያጁን የሚያህል ሰው ልምድ ለሌለው ጭንቅላት አሳልፈን እንስጥ? እዚህ ቤት ዘበኛ እንኳ ያለ ልምድ ተቀጥሮ አያውቅም!"

ሰብሳቢው ራሳቸው በምን ልምድ እንደገቡ የጠየቀ አልነበረም። የዋና ሥራ አስኪያጁን እህት ማግባታቸውን ማንም አልረሳም። ስለዚህ ልምድ ያለው ኮምፒውተር ይፈለግ ተባለና ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ተገኘ። ከዚያችው መኪና ዓይነት የተፈታ ሲሆን፣ ዕድሜውን በሙሉ ያገለገለው በአስከሬን መኪና ላይ ነው።

"ከተሳፋሪዎቹ አንድም ቅሬታ ቀርቦበት አያውቅም" ሲሉ ሰብሳቢው አመሰገኑት።

ሜካኒኩ ራሱን አከከ። "እሺ፣ እንግዲያው የድሮውን ፕሮግራም አጥፍቼ የዚህችን ልጫንበት።"

"ልምዱን ልታጠፋበት? እንዳትነካው!"

ከብዙ ልመና በኋላ ከመኪናዋ ቁልፍ ጋር ብቻ እንዲያስተዋውቀው ተፈቀደለት። መኪናዋም በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ኮሚቴው አጨበጨበ፤ ሾፌሩም የልጁን ሠርግ አስቦ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ሾፌሩ አለቃውን አሳፍሮ ከግቢው ሲወጣ ግን መብራቷ በጠራራ ፀሐይ በራሱ በራ። ነዳጁን እስከ ወለሉ ቢረግጥም ወፍ የለም። የኮምፒውተሩ ፍጥነት ቀባሪ በእግሩ እንዲከተል ተብሎ የታሰረ ነበርና መኪናዋ ከእግረኛ አታልፍም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ቆመ፣ ባርኔጣ ወለቀ፣ ባለሱቆች ሬዲዮናቸውን ዘጉ። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች አንዳቸውም ጡሩምባ አልነፋም።

የአለቃው ልብ ቅቤ ጠጣ። "አየህ? ሕዝቡ እስከዛሬ ያላከበረኝ አንተ እየበረርክ ስለምታልፍ ነው!"

"ጌታዬ፣ ፕሮግራሙ ይስተካከልልን። እሑድ እኮ የልጄ..."

"ማንም አይነካውም! እንዲያውም እድገት ይገባዋል።"

እሑድ ደረሰ። ሙሽራዋ ከኋላ፣ ከአለቃው ጎን ተቀመጠች። ኮፈኑ ላይ የታሰረው አበባ ነገሩን አባሰው፤ የቆሙት ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ።

"አባዬ፣ ሰዎቹ ምን ሆነው ነው?"

"ደስ ብሏቸው ነው፣ ልጄ" አለ ሾፌሩ።

ልጅቷ ሰዓቷን አየች። ቀጥሎ በሩን ከፈተች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች፣ መኪናዋንም ቀደመቻት። "አባዬ፣ እዚያው እንገናኝ!" ብላ በማዕዘኑ ታጠፈች። ሾፌሩ አለቃውን መንገድ ላይ ጥሎ ሊከተላት አይችልም። ልጁ ስትዳር እንደማያይ ያን ጊዜ ገባው።

አንዲት አሮጊት ያለ ምንም ችግር በመስኮቱ ትይዩ አብረውት መራመድ ጀመሩ።

"እግዜር ያጽናችሁ፣ የኔ ልጅ። ሟቹ ማን ናቸው?"

ሾፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። አለቃው በወዲያኛው መስኮት ለሕዝቡ እጃቸውን ያውለበልባሉ።

"ቀስ ብለው ይናገሩ፣ እናቴ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እሳቸው ገና አልሰሙም።"