ቡችላ ለማስተኛት የተጠራ ስብሰባ

«ውሾቹ ይጮኻሉ፤ ግመሉ ግን ጉዞውን ይቀጥላል!» የሚል ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይገባኛል። ሰውዬው በአንዲት የጭቃ ክፍል ውስጥ ቡችላ አሳድሮ አያውቅም! ቢያውቅማ ኖሮ ግመሉ የትም እንደማይሄድ፣ እንቅልፍ ያጣ ግመል እንደውም ቁጭ ብሎ አብሮ እንደሚያለቅስ ይነግራችሁ ነበር።

የቡችላ ባለቤት የሆንኩት እንዴት መሰላችሁ? አቃቂ በሰቃ የተከራየኋት ክፍል በራፍ ላይ ያሳደርኩት ጫማዬ ተሰረቀ። «ሌባ! ሌባ!» ብዬ ብጮህ ጫማው አይመለስ... ስለዚህ ቅዳሜ ሳሪስ አቦ ገበያ ሄጄ አንድ ሰውዬ ከጆንያ ውስጥ መዝዞ ያሳየኝን ቡችላ ገዛሁ። «ይሄ ሲያድግ ሌባ አይደለም፣ ዘመድም አያስገባ!» አለኝ። እኔም ታክሲ ውስጥ ሆኜ «አይደፈሬ» የሚል ስም አወጣሁለት።

ግቢያችን በር ላይ ሱቅ ያለው ጀማል የብስኩት ካርቶን ሰጠኝ። «እኔ አልነካውም እንጂ ካርቶንማ አልከለክለውም» አለ። አሮጌ ሹራቤን አነጠፍኩለት፤ ወተት አጠጣሁት፤ መብራቱን አጠፋሁ።

ወይ ጉድ! አይደፈሬ ለካ ጨለማ ይፈራል! ከጡጫ ከማይበልጥ ፍጥረት ያን የሚያህል ድምፅ ይወጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ሰምታችኋል አይደል? የኔው ወተቴን ጠጥቶ እኔው ላይ ጮኸ። ወዲያ ማዶ ያለው ማረሚያ ቤት ግንቡ ወፍራም ስለሆነ ሌሊት የሚያለቅስ ቢኖር አይሰማም። የእኛ ግድግዳ ግን ጭቃ ነው። ወዲያው ከዚያኛው በኩል ተደበደበ። አከራዬ እትዬ ዘነበች ናቸው።

«አንተ ልጅ! ምን እያደረግኸው ነው?»

«ኧረ ምንም አላደረግኩትም እትዬ!»

«እኮ! አንድ ነገር አድርገዋ!»

ሬዲዮ ከፈትኩለት፤ ባሰበት። በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ አስታቀፍኩት፤ ጠርሙሱን በስቶ ሹራቤን አራሰው። መጨረሻ ላይ... አትሳቁብኝና... እሹሩሩ አልኩት! እኔ፣ ባለ ጢሙ ሰውዬ! የሰፈራችን ፋብሪካ ጡሩምባ ለጠዋት ፈረቃ ሲነፋ እሱ ተኛ፤ እኔ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ጥቂት ሌሊቶች እንዲህ እንዳለፉ እትዬ ዘነበች በራፌ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ዛሬም ካለቀሰ ነገ ሁለታችሁም ካርቶናችሁን ይዛችሁ ውጡልኝ» አሉ። ልብ በሉ፣ ያለን ካርቶን አንድ ነው! ያቺን ክፍል ለማግኘት የስንቱን ደላላ ደጅ እንደጠናሁ የማውቀው እኔ ነኝ።

እንዲያማልዱኝ ብዬ ከፊት ለፊት ክፍል ወደሚኖሩት አቶ በየነ ሄድኩ። አቶ በየነ የግቢያችን የአንድ ለአምስት ጠርናፊ ናቸው። ስህተቴ ይሄ ነው! ሽማግሌ ይሆኑኛል ብዬ ስለምን ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው «ይሄ በሽምግልና አይፈታም፤ መገምገም አለበት!» አሉ።

አመሻሽ ላይ ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። እትዬ ዘነበች ጋቢያቸውን ደርበው በርጩማ ላይ፣ ጀማል ሱቁን ከፍቶ እንደተወ፣ እኔ ጭንቀቴን ይዤ፣ አይደፈሬ መሀላችን መሬት ላይ። አቶ በየነ ብድግ አሉ።

«ችግሩ የአቅርቦት ነው እንዳንል ወተት ቀርቦለታል። የክህሎት ነው እንዳንል መጮህ ይችልበታል። ስለዚህ ያለ ጥርጥር የአመለካከት ችግር ነው!»

ጀማል እጁን አወጣ። «እናቱ ናፍቃው ቢሆንስ?»

«እሱን ከመድረኩ በኋላ እናየዋለን» ብለው ዝም አሰኙት።

ከዚያ ሪፖርታቸውን ከዓለም አቀፋዊ ሁኔታ ጀመሩ። ወደ አህጉራዊ ወረዱ። ክፍለ ከተማ ሲደርሱ... ታምኑኛላችሁ?... አይደፈሬ አዛጋና አገጩን እትዬ ዘነበች ኮንጎ ጫማ ላይ አስደግፎ ለጥ አለ! በዚህ አገር ስንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ለአንድ ፍጥረት ሲጠቅም ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

«ተኛ!» አልኩ በሹክሹክታ።

አቶ በየነ ደስ ብሏቸው ንግግራቸውን አቆሙ። ቡችላው ነቅቶ ኡኡ አለ። ደንግጠው «ከዚህ በተጨማሪ...» ሲሉ መልሶ ተኛ። ጉድ ፈላ! አሁን ማን ይነሳ? ጀማል ሱቁን በሩቁ እያየ ይቁነጠነጣል። አቶ በየነ አጠቃለው፣ ማጠቃለያውን ደግመው አጠቃለው፣ በመጨረሻ ድምፃቸው ተዘጋ። አይደፈሬ አፉን ከፈተ። እኔም ነገ ጎዳና ላይ ካርቶን ታቅፌ ስቆም ታየኝ።

«ኤዲያ!» አሉ እትዬ ዘነበች። ጎንበስ ብለው ቡችላውን አነሱና ጋቢያቸው ውስጥ ከደረታቸው ጋር ለጠፉት። አንዴ በረጅሙ ተነፈሰና ጸጥ አለ። እሳቸውም ጋቢውን አጠበቁለት። ባላቸው ከሞቱ፣ ልጆቻቸውም ትዳር ይዘው ከወጡ ወዲህ ያንን ደረት የተጠጋ ነፍስ ያለው ነገር አልነበረም።

«የፈለገው እናቱን ነው እንጂ የእናንተን ወሬ አይደለም» ብለው ይዘውት ገቡና በሩን ዘጉ።

አቶ በየነ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። «ማቀፍ ባስቀመጥነው አቅጣጫ ውስጥ አልነበረም» አሉ። ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። «ቢሆንም ውጤቱ የአደረጃጀታችን ነው!» ብለው አጨበጨቡ። እኔም ክፍሌ ስለተረፈችልኝ አብሬ አጨበጨብኩ። ለዚህ ያላጨበጨበ ማን አለ?

ከዚያ በኋላማ እንቅልፍ ምን እንደሆነ አየሁት! የተጠራቀመብኝን ሁሉ በአንዴ ተኛሁ። በሳምንቱ ጠዋት በሬ ሲንኳኳ እትዬ ዘነበች አይደፈሬን በነጠላ አዝለውት ቆመዋል።

«ልጄ፣ አትቀየመኝና... ማንኮራፋትህን አልቻልነውም። ሕፃኑ እየባነነ ተቸገረ።»

«ሕፃኑ?»

«እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቤት ብትፈልግ።»

አቶ በየነ ጋ ሮጥኩ። ያን ዕለት ማታ ተሰብስበው ገመገሙኝ፤ የአመለካከት ችግር እንዳለብኝም በሙሉ ድምፅ ተረጋገጠ። የዚህ ችግር መፍትሔ ምን እንደሆነ ግቢው በሙሉ ያውቃል... እስካሁን ግን ብድግ ብሎ ያቀፈኝ የለም።