የአቶ በኃይሉ ተራ ሲደርስ

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው ሲተርቱ አንድ ታላቅ ነገር ዘንግተዋል፤ አስተባባሪውን። ሃምሳው ሰው ሎሚውን ይዞ ሲጓዝ፣ ራሱ ሎሚ ሳይዝ ከፊት ከፊት እየሄደ «እንዴት ነው፣ ይዛችኋል?» የሚል ሰው ከሌለ ጌጥነቱ ምኑ ላይ ነው? ይህን የአበው ጉድለት ያርሙ ዘንድ አቶ በኃይሉ ተፈጠሩ።

አቶ በኃይሉ ስሙን በማንጠራው ድርጅት ውስጥ «የልዩ ልዩ ሥፍራ ቡድኖች ከፍተኛ አስተባባሪ» ናቸው። ድርጅቱ ገበሬው የበርበሬ ዋጋ በስልኩ የሚያይበት መተግበሪያ ይሠራል። ፕሮግራሙን የሚጽፉት ልጆች ወልቂጤ ናቸው፤ ገበያ ወርደው የሚሞክሩት ቡታጅራ። አቶ በኃይሉ ደግሞ ወልቂጤ ቢሮ ቁጭ ብለው በመሃል ያለውን ርቀት ይመራሉ። ርቀት መምራት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ያደክማል።

«አጃይል» የሚባለውን አሠራር ከሥልጠና ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው። ሥራ በአጭር በአጭሩ ይቆረጣል፤ በየማለዳው በቪዲዮ የቁም ስብሰባ ይደረጋል። የሚቆመው ስብሰባው እንዳይረዝም ነው። ስብሰባው ረዘመ፤ ያጠረው የሰዉ ጉልበት ነው። አንድ ቀን ኔትወርክ ተቋርጦ የቡታጅራ ቡድን ምስል ቀጥ ብሎ እንደቆመ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። አቶ በኃይሉ «ዲሲፕሊን ማለት ይህ ነው» ብለው ለምስሉ አጨበጨቡለት። ባለምስሎቹ ሻይ ሊጠጡ ከወጡ ቆይተዋል።

የባህሉም ጉዳይ አልተዘነጋም። «የወልቂጤና የቡታጅራ ቡድኖች የባህል መራራቅ ማጥበቢያ መመሪያ» አዘጋጅተው፣ የወልቂጤውን ፕሮግራመር ታምሩን ጠርተው መከሩት።

«የቡታጅራዋን ሃሊማን ስታገኛት መጀመሪያ ‹አሰላሙ አለይኩም› በላት። አትቸኩል። ባህሏን ቀስ ብለህ አጥናው።»

«አብረን ነው የተማርነው፣ ጋሼ። እናቷ ቤት ስንቴ ቆጮ በአይብ በልቻለሁ።»

«አየህ፣ መመሪያው መሥራት ጀመረ» አሉ አቶ በኃይሉ፣ ደስ ብሏቸው።

ምን ዋጋ አለው፣ ደስታ ዕድሜ የለውም። የዋናው መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ አደይ «የአስተባባሪነቱ መደብ ይቀጥል ወይስ ይታጠፍ የሚለውን መጥቼ፣ አይቼ እወስናለሁ» ብለው ደወሉ። አቶ በኃይሉ ከዚህ መደብ ሌላ የሚያውቁት ሥራ የለም፤ ይህንንም ቢሆን የሚያውቁት በስሙ ነው። የሥልጠናውን ወረቀት ሲያገላብጡ «ምርጥ ቡድን ራሱን በራሱ ያደራጃል» የሚል አገኙና ወዲያው ሰርኩላር በተኑ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በገዛ ፈቃዳችሁ ራሳችሁን እንድታደራጁ በጥብቅ አሳስባለሁ።»

ቡድኑ ታዘዘ። ሃሊማ ሰርኩላሩን አንብባ «ይሄማ ወንፈል ነው» አለች። እንሰት ሲተከል መንደሩ ተሰብስቦ የአንዱን ማሳ ይጨርስና ወደ ሌላው ይሄድ የለ? ስማቸውን ጽፈው ጣሳ ውስጥ ከተቱ፣ እንደ እቁብ ዕጣ አወጡ። ዕጣ የወጣለት ሥራውን ያመጣል፤ የሁለቱም ከተማ ሰው ተረባርቦ ይጨርስለታል፤ ከዚያ ወደ ተረኛው። ስንት ጊዜ ሲንከባለል የኖረው ሥራ እንደ ጉድ ይሮጥ ጀመር። የቁም ስብሰባውን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። አቶ በኃይሉም «የአመራሬ ፍሬ» ሲሉ ሪፖርት አደረጉ።

ወይዘሮ አደይ ወልቂጤ ገቡ። ቡታጅራዎቹም ለእሳቸው ክብር መኪና ተሳፍረው መጡ። አቶ በኃይሉ ለንግግር ተነሱ።

«በእኛ ዘንድ አለቃና ምንዝር የለም። እኔም ከቡድኑ አባላት አንዱ ነኝ። ለዚህ ማስረጃ ይሆን ዘንድ የእኔም ስም ዕጣው ውስጥ ይግባ።»

ስማቸውን ጽፈው ጣሳው ውስጥ ጨመሩ። ተጨበጨበ። ሃሊማ ጣሳውን ነቅነቅ አድርጋ አንዱን አወጣች።

«አቶ በኃይሉ» ብላ አነበበች።

ታምሩ ላፕቶፑን ከፈተ። ሌሎቹ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«እሺ ጋሼ፣ ሥራዎን ያምጡት» አለ ታምሩ።

«የቱን?»

«የእርስዎን። ተካፍለን ዛሬውኑ እንጨርስልዎት።»

«የእኔ ሥራ እንግዲህ... ማስተባበር ነው።»

«ማንን?»

«እናንተን ነዋ።»

ሃሊማ ዙሪያዋን ቃኘች። «እኛማ መጥተናል። የቀረ ሰው የለም። ሌላስ?»

አቶ በኃይሉ ኪሳቸውን ዳበሱ፣ ኮርኒሱን አዩ። ሌላ አልተገኘም። ወይዘሮ አደይ መነጽራቸውን አስተካክለው መደቡን ሊያጥፉ ብዕራቸውን አነሱ። አለቀላቸው፣ ምስኪን።

«እንግዲህ የጋሼ ሥራ ተጠናቀቀ» አለች ሃሊማ፣ በቅን ልብ። «ወይዘሮ አደይ፣ የእርስዎንም ስም ልጻፈው? አለቃና ምንዝር የለም ተብሏል፤ ያለብዎትን ሥራ እናግዝዎት።»

ወይዘሮ አደይ ጣሳውን አዩት። ቀጥለው አቶ በኃይሉን አዩአቸው፤ የሥጋ ዘመድ በሰው አገር ያገኘ ሰው በሚያይበት ዓይን። ከዚያም ብዕራቸውን ከድነው ተነሱ።

«ወንፈል የሚባለው ነገር ከመዋቅር ውጭ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ታግዷል» አሉ። «የአስተባባሪነቱ መደብ ግን ድርጅቱን ከእንዲህ ያለ ሥርዓት አልበኝነት የሚጠብቅ በመሆኑ ይጠናከራል።»

በማግስቱ የቁም ስብሰባው ተመለሰ። ለአቶ በኃይሉም ዱባለ የሚባል ምክትል ተሾመላቸው። የበርበሬው መተግበሪያ እስካሁን አላለቀም፤ የመዘግየቱ መንስኤ በባለሙያ ተጠንቶ የአስተባባሪ እጥረት መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ለዱባለ ረዳት እየተፈለገ ነው።