የጋሽ ታደለ ዳገት

ፈረንሳይ ደርሶ የተመለሰ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ያውም የባሌ ታላቅ ወንድም ጋሽ ታደለ። በሰመር አንድ የፈረንሳይ ገጠር ሄዶ፣ ወንዝ ዳር ባለ ሸለቆ ውስጥ የተራራ ብስክሌት ነድቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ለቅሶ ቤት እንኳ ስንቀመጥ ወሬው ዳገቱና ድንጋዩ ነው።

እኔ በሃምሳ ዓመቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ብስክሌት ስማር፣ "ሴትዮዋ አበደች" ብሎ ለዘመድ አዝማዱ ያዳረሰው ማን ነበር? እሱ ነው። አብረውኝ የጀመሩት ጓደኞቼ አፍረው ተዉት። እኔ ብቻዬን ነዳሁ።

ባለፈው ወር ክርስትና ቤት ፎቶውን ለሁሉም አሳየ። መነጽሬን አድርጌ አየሁት።

"ጋሼ፣ ይሄ ብስክሌቱ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ባትሪ አይደለም እንዴ?"

"ትንሽ ያግዛል እንጂ ዋናው እግር ነው።"

"እንግዲያው ቅዳሜ ከእኔ ጋር ይውጡ። የእኔ ባትሪ የለውም።"

ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ሰው ፊት ነውና "እመጣለሁ" አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ደወለ፤ ጉልበቱን አሞታል። ፈረንሳይ ድረስ ደህና የነበረ ጉልበት፣ ምን ነካው? ስልኩን ዘጋሁ። ያኔ አፍረው ከተዉት ጓደኞቼ ሁለቱ ቀጠሮውን ሰምተው፣ ሄልሜት አድርገው ደጄ ላይ ቆመዋል። እሱ ለቅሶ ቤት ወሬውን ይቀጥል፤ እኛ ዳገት አለብን።